ሞቷል ወይስ አልሞተም? ያልተቋጨ የድራማ መጨረሻ እንዴት ይነበባል

ጎንደር ውስጥ ቴሌቪዥን ድንገት ድርግም ሲል ሰው መጀመሪያ የሚያየው የጎረቤቱን መስኮት ነው። የጎረቤትም ከጨለመ መብራት ሄዷል፤ ካልጨለመ ጣጣው የቤት ነው። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 2007 ማታ ተመሳሳይ ድንጋጤ ደርሶባቸዋል። ለ86 ክፍል የዘለቀው የኤችቢኦ ድራማ «ዘ ሶፕራኖስ» መጨረሻው ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ቀና ሲል ስክሪኑ ጠቆረ። ድምፅ የለም፣ ሙዚቃ የለም፤ አሥር ሰከንድ ያህል ጥቁር ብቻ። ብዙው ሰው ኬብሉ የተቋረጠበት መስሎት ነበር። የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር መውጣት ሲጀምር ነው ድራማው ማለቁን ያመነው። ክርክሩ ግን ዛሬም አላለቀም፦ ቶኒ ሶፕራኖ ተገደለ ወይስ እራቱን በልቶ ወደ ቤቱ ገባ?

እንዲህ ያለ ሙግት ለጎንደር እንግዳ አይደለም። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥርጭት ጀምሮ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ቤት ለቤት ከገባ ወዲህ፣ ፒያሳ ጀበና ቡና ዙሪያ የሚሰማው እንዲህ ነው፦

«ሞቷል እኮ እቴ!»

«ሬሳውን ማን አየ?»

«ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ለምን ጥቁር ለበሰ?»

«ተይው፣ ደራሲው ምዕራፍ ሁለት ሊሠራ ፈልጎ ነው።»

ቡናው ይቀዘቅዛል፣ ክርክሩ ካለበት ፈቀቅ አይልም። ምክንያቱም ሰዎቹ የሚከራከሩት ስለ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ነው። አንዷ የያዘችው «ምን ሆነ» የሚለውን ነው። ሌላው «ያየነው ምልክት ምን ማለት ነው» ይላል። ሦስተኛው የሚያወራው ደራሲው ምን አስቦ እንደነበር ነው። አንዱ በኪሎ፣ አንዱ በጣሳ፣ አንዱ በቁና እየሰፈረ ስለ አንድ ጤፍ ዋጋ እንደመጨቃጨቅ ነው። ሦስቱ ጥያቄዎች የሚፈልጉት ማስረጃ ለየቅል ነው፤ የመጀመሪያው በስክሪኑ ላይ በታየና በተሰማ ነገር ብቻ ይፈረዳል፣ ሁለተኛው ድራማው የተሠራበትን አገር ልማድ ማወቅ ይጠይቃል፣ ሦስተኛው ከድራማው ውጭ ያለ ወሬ ነው።

የትርጓሜ ቤት መሣሪያ

መሣሪያው ደጃችን ላይ አለ። ጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ ከተማ ናት፤ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት ሁለቱ የትርጓሜ መንገዶች የጎንደር ናቸው፤ ታች ቤት ከመምህር ኤስድሮስ ስም ጋር ይያያዛል። በትርጓሜ ቤት ሥርዓቱ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ንባቡ ይሰማል፤ ማንም ትርጉም ከመናገሩ በፊት ቃሉ እንዳለ ይነበባል። ቀጥሎ ነጠላ ትርጉሙ ይነገራል። ከዚያ «አንድም» ይባልና ሌላ ትርጉም ይመጣል። እንደገና «አንድም»። በመካከል «ምነው ቢሉ» እያለ ራሱ ጥያቄ ያነሳል፣ በሐተታ ያፍታታዋል፣ ምስክር ጠቅሶ «እንዲል» ብሎ ያስራል።

የድራማ ተከራካሪ ከዚህ የሚወስደው ዋና ነገር «አንድም» ማለት «እንዳሻህ» ማለት እንዳልሆነ ነው። እያንዳንዱ አንድም ያንኑ ንባብ ከነሙሉው መሸከም አለበት። የሚመቸውን ሁለት ቃል አንሥቶ የቀረውን ጥሎ መሄድ የለም። «እንዲል» የማያስከትል አንድም ደግሞ ወሬ ነው። በሌላ በኩል አንዱ አንድም ሌላውን የግድ አይሽረውም፤ ጎን ለጎን ተደርድረው ይኖራሉ።

ሰምና ወርቅ ግን ሌላ ነገር ነው። አንጥረኛ ሰሙን ቅርፅ ያወጣለታል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ጭቃው በእሳት ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል፣ ወርቁ በባዶው ቦታ ይገባል። ሰሙ ለማለፊያ ነው። ሁሉም የሚያውቃት ስንኝ፦

እፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

ሰሙ የአዳም በደልና የጌታ ስቅለት ነው፤ ወርቁ አንድ ወንድ በአንዲት ሴት ከንፈር ምክንያት ልቡ መንጠልጠሉ። «ተሰቀለልሽ» ኅብሩ ነው፤ እሱን የያዘ ሁለቱንም ይዟል። ገጣሚው ሊናገር የፈለገው አንዱን ነው፣ ሌላው መሸፈኛ ነው። አንዴ ወርቁን ያገኘ ሰው ተመልሶ «የለም፣ ስለ አዳም ነው» ብሎ አይሟገትም።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ተመልካች ያልተቋጨ መጨረሻ ሲገጥመው ወዲያው ሰምና ወርቅ ያደርገዋል። የሆነ ቦታ የተደበቀ አንድ እውነት አለ፣ ብልህ ያገኘዋል፣ ሞኝ በሰሙ ይቀራል ብሎ ይነሳል። ከዚያ ክርክሩ የብልጠት ውድድር ይሆናል። ግን ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ መጨረሻዎች የተሠሩት እንደ አንድም ነው። ስለዚህ «ሞቷል ወይስ አልሞተም» ከማለት በፊት «ይህ ሰምና ወርቅ ነው ወይስ አንድም» ብሎ መጠየቅ ጊዜ ያተርፋል።

እንዴት ይለያል? በፍርፋሪው። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለቱን አስተያየቶች ጎን ለጎን ጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ሥር ያ አስተያየት እውነት ከሆነ ትርጉም አጥቶ የሚቀረውን ነገር ሁሉ ዘርዝሩ። «ሞቷል» ከሆነ፣ ታዲያ ስልኩ ለምን ጮኸ? «አልሞተም» ከሆነ፣ ታዲያ ቀለበቱ እንዴት እሷ እጅ ገባ? አንዱ ምንም ፍርፋሪ ሳይተው ሌላው ሦስትና አራት ከተወ፣ ሰምና ወርቅ ነው፤ ወርቁ ተገኝቷል። ሁለቱም አንድ አንድ ከተዉ አንድም ነው፤ እዚያ ላይ «ተሳስተሻል» ብሎ መጮህ ዋጋ የለውም።

የተቆረጠና የተከፈተ

ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ አለ፤ ብዙ ጉልበት የሚባክነውም እሱ ላይ ነው። ድራማው ሆን ተብሎ ክፍት አልተተወም፤ ተቆርጧል። ገንዘብ አልቋል፣ ስፖንሰር ሸሽቷል፣ ጣቢያው አቋርጦታል። «ትዊን ፒክስ» የተባለው የአሜሪካ ድራማ ሁለተኛ ምዕራፉ ያለቀው እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1991 ነው፤ ከሶፕራኖስ በትክክል 16 ዓመት ቀድሞ። ጀግናው መስታወት ፊት ቆሞ ግንባሩን ከመስታወቱ ጋር ያጋጫል፤ መስታወቱ ውስጥ የሚታየው የክፉው መንፈስ ፊት ነው። ድራማው እዚያ ላይ ተሰረዘ። የቀጠለው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በመሃል ባሉት 26 ዓመታት «ክፋት አሸነፈ፣ መልእክቱ ይኸው ነው» እያለ የተሟገተ ሰው መንገድ ላይ የቆመ መኪና አይቶ «መድረሻው እዚህ ነው» ያለ ያህል ነው።

መለያው ቀላል ነው። ክፍት ሆኖ የተሠራ መጨረሻ ብዙውን ጊዜ አንድ በር ብቻ ነው ገርበብ አድርጎ የሚተወው፤ ሌላውን ዘግቶ ይወጣል። የተቆረጠ ድራማ ሁሉንም በር ወለል አድርጎ ትቶ ይሄዳል። በትዊን ፒክስ የዚያ ምሽት ክፍል ከመስታወቱ ሌላ ባንክ ውስጥ ፈንጂ ፈንድቶ ማን እንደተረፈ ሳይነገር ነው የቀረው። ለሚቀጥለው ምዕራፍ የተጣለ መንጠቆ እንዲህ ነው። የአገር ውስጥ ተከታታይ ድራማ ላይም ያው ነው፤ የርስቱ ክስ፣ የልጅቷ እርግዝና፣ የጠፋው ወንድም ሦስቱም አንድ ላይ ተንጠልጥለው ከቀሩ ምሥጢር ከመፈለግ በፊት ድራማው በምን ምክንያት እንደቆመ ማጣራት ይሻላል።

ሁሉም ነገር ህልም ወይም ምናብ ሆኖ የሚገኝበት ዓይነትም አለ። «ሴንት ኤልስዌር» የሆስፒታል ድራማ ነበር። ሜይ 25 ቀን 1988 ሲያልቅ አንድ ኦቲዝም ያለበት ልጅ በእጁ የብርጭቆ ኳስ ይዞ ይታያል፤ ኳሱ ውስጥ በረዶ ይዘንባል፤ በረዶው ሥር የዚያ ሆስፒታል ሕንፃ አለ። ሐኪም ሆኖ ስናየው የኖርነው አባቱ የግንባታ ሠራተኛ ሆኖ ይገባል። እዚህ ላይ «ማን ሞተ» የሚል ጥያቄ አይሠራም፤ የትኛው ደረጃ ላይ ያለው ዓለም ነው እውነተኛው የሚለው ብቻ ነው የሚቀረው። (በግል አስተያየት ይህ ዓይነቱ መጨረሻ ከሁሉም የቀለለ ነው፤ ተመልካቹን ስድስት ምዕራፍ አስከትሎ «ቀልዴን ነው» እንደማለት።)

ንባቡን ሳያቀኑ ትርጓሜ የለም

ብዙ ክርክር የሚበላሸው ሁለቱ ሰዎች ያዩት አንድ ስላልሆነ ነው። የቱርክ ድራማ በአገሩ በሳምንት አንድ ቀን፣ አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሆኖ ነው የሚተላለፈው። ወደ ውጭ ሲሸጥ ወደ 45 ደቂቃ አካባቢ ተቆራርጦ ነው። ስለዚህ ደራሲው መጨረሻው ከመድረሱ አንድ ሰዓት አስቀድሞ፣ በዚያው ክፍል ውስጥ ያስቀመጠው ፍንጭ ለጎንደር ተመልካች ሁለት ቀን ቀድሞ ያየው ነገር ይሆናል፤ ይረሳል። የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ደግሞ ማየት አይበቃም ማለት ነው፤ ቢያንስ የመጨረሻዎቹን ሦስት ክፍሎች አከታትሎ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ችግር በቴሌግራምና በዩቲዩብ የሚዘዋወረው ቁራጭ ነው። ቅጂ መብት የሚቆጣጠረውን ማሽን ለማምለጥ ሲሉ ምስሉን የሚገለብጡ አሉ፤ ግራው ቀኝ ይሆናል። የሚያጎሉትም አሉ፤ ጠርዙ ይቆረጣል። ድምፁን የሚያፈጥኑና የሚያቀጥኑም ብዙ ናቸው። «ቀለበቱን ከቀኝ ወደ ግራ አዛውራለች፣ ስለዚህ አግብታለች» የሚል ማስረጃ ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ መኪናውን ይመልከት። ቱርክ ውስጥ መሪው በግራ በኩል ነው፤ ሾፌሩ በቀኝ ከተቀመጠ ቪዲዮው ተገልብጧል። መኪና ከሌለ የሱቅ ጽሑፍ ወይም የመኪና ታርጋ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች ሦስት ጊዜ ተመልከቱ፦ አንዴ እንዳለ፣ አንዴ ድምፁን አጥፍታችሁ፣ አንዴ ስክሪኑን ገልብጣችሁ በጆሮ ብቻ። ድምፅ ሲጠፋ ካሜራው የማንን ዓይን ይዞ እንደሚያይ ይታያል። ስክሪን ሲሸፈን ደግሞ ከመጋረጃ ጀርባ ያለ እግር፣ ሩቅ ያለ ሳይረን፣ የሚዘጋ በር ይሰማል። በኮምፒውተር ዩቲዩብን አቁማችሁ የነጠላ ነጥብ ቁልፉን ስትጫኑ አንድ ፍሬም ወደፊት፣ የኮማውን ስትጫኑ አንድ ፍሬም ወደኋላ ይሄዳል። በቪኤልሲ የእንግሊዝኛዋ ኢ ፊደል አንድ አንድ ፍሬም ወደፊት ብቻ ትወስዳለች። በስልክ ከሆነ ፍጥነቱን ወደ 0.25 ማውረድ ይበቃል። የቱርክ ቴሌቪዥን በሰከንድ 25 ፍሬም ስለሚሄድ ግማሽ ሰከንድ የምትታይ ፊት 12 ያህል ፍሬም ናት፤ በዓይን ብቻ ከሚታመን ተቆጥሮ ይታይ።

ስለ ድምፅ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአማርኛ ሲተረጎም የሚለወጠው ንግግሩ ነው፤ ሙዚቃውና ሌላው ድምፅ ከአገሩ ለብቻው ከመጣ እንዳለ ይቀመጣል። ለብቻው ካልመጣ ግን ተርጓሚው ስቱዲዮ የእግሩን፣ የበሩን፣ አንዳንዴም የተኩሱን ድምፅ እንደገና ይሠራል። እንግዲህ «ተኩሱ አንድ ነው እንጂ ሁለት አይደለም» ብሎ በአማርኛው ቅጂ የሚምል ሰው በአገሩ ቅጂ ላይ መመርመር አለበት።

«ኦ ጌልዲ»፦ ማን ነው የመጣው?

ከሁሉም የሚያሳስተው ቋንቋው ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ቱርክኛ «እሱ» እና «እሷ» ብሎ አይለይም። «ኦ» አንድ ቃል ናት፤ ወንድም ሴትም ዕቃም ናት። ግሡም ጾታ የለውም። ስለዚህ አንድ ድራማ ሲያልቅ በሩ ተንኳኩቶ፣ አሮጊቷ ዞር ብለው «ኦ ጌልዲ» ቢሉ፣ የኢስታንቡል ተመልካች የመጣው ማን እንደሆነ ከቃሉ ማወቅ አይችልም። የሞተው ልጃቸው ሊሆን ይችላል፣ የሸሸችው ምራታቸው ልትሆን ትችላለች። ደራሲው የፈለገውም ይህንኑ ሊሆን ይችላል።

ተርጓሚው ግን አማርኛ ላይ ሲደርስ መሸሸጊያ የለውም። «መጣ» ወይም «መጣች» ማለት አለበት፤ «መጡ» ካለም የሚያከብሯቸው አንድ ሽማግሌ ወይም ብዙ ሰዎች ሆነዋል። ያቺ አንዲት «ች» ክፍቱን በር ዘጋችው። ጎንደር ላይ የተቀመጠችው ተከራካሪ «መጣች ነው ያሉት፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!» ብትል አልዋሸችም፤ የሰማችው ግን የተርጓሚውን ውሳኔ ነው።

ሌላም አለ። በቱርክኛ «ጌልዲ» ተናጋሪው በዓይኑ ያየው መምጣት ነው፤ «ጌልሚሽ» ካለ ግን ሰምቶ ወይም ከምልክት ተረድቶ የሚናገረው ነው። በአማርኛ ለዚህ «መጥቷል አሉ» ወይም «መጥቶ ነበር መሰለኝ» የሚል ተጨማሪ ቃል ካልገባ ልዩነቱ ይጠፋል። «ኦልሙሽ» ማለት «ሞቷል አሉ» ወይም «ሞቶ ኖሯል» ሊሆን ይችላል፤ በአማርኛው «ሞቷል» ብቻ ከተባለ ወሬው ፍርድ ሆነ። በስብሰባው ላይ ቱርክኛ የሚሰማ አንድ ሰው ካለ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይኸው ነው፦ ግሡ በ«ዲ» ነው ወይስ በ«ሚሽ» ያለቀው? (አንዳንድ ቦታ «ዱ»፣ «ቲ»፣ «ሙሽ» እየሆነ ይለዋወጣል፤ ነገሩ ያው ነው።)

ምልክት የአገሩ ነው

ነጠላዋን ዘቅዝቃ የመጣች ሴት ስናይ ለማን እንዳለቀሰች እንጠይቃለን እንጂ ለምን እንደለበሰች አንጠይቅም። ኢስታንቡል ያለ ሰው ይህን ምልክት አያይም፤ ለሱ ነጭ ጨርቅ ናት። በተገላቢጦሹም እንደዚያው ነን።

አንድ ምሳሌ፦ መኪና ይነሳል፣ በር ላይ የቆመች እናት ከብርጭቆ ወይም ከማሰሮ ውሃ ከመኪናው ኋላ ትደፋለች። ይህን የጎንደር ተመልካች «ጠራርጋ አባረረችው»፣ «ተቆራረጡ» ብሎ ሊያነበው ይችላል። በቱርክ ልማድ ግን ውሃ የሚደፋው መንገዱ እንደ ውሃ እንዲቀና፣ ሄያጁም እንደ ውሃ ሄዶ እንደ ውሃ እንዲመለስ ነው። ትርጉሙ ግልብጥ አለ፤ መለያየት ያልነው የመመለስ ምኞት ነው።

ሌላ ምሳሌ፦ በቱርክ ቀብር ላይ የሟቹን ትንሽ ፎቶ ደረታቸው ላይ ሰክተው የሚቆሙ ብዙ ናቸው፤ ሳጥኑ መስጊድ ቅጥር ውስጥ ባለ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። የመጨረሻ ትዕይንት ላይ ካሜራው ፎቶ የተሰካበት ኮት ብቻ አሳይቶ ቢያልፍ፣ ያገሩ ሰው «ሞቷል» ብሎ ጨርሷል፤ እኛ «ሬሳው የታል» እያልን ነን። ስለዚህ ማንኛውም የምልክት ማስረጃ ሲቀርብ አንድ ጥያቄ ይከተል፦ ይህ በነሱ አገር ምንድን ነው?

የቶኒ እራት፣ በአንድም ሲታይ

አሁን የተባለውን ሁሉ ወደ ሶፕራኖስ እንመልሰው፤ ንባቡ ለማንም ስለተገኘ ለመለማመጃ ይመቻል። ትዕይንቱ የተቀረጸው በኒው ጀርሲ፣ ብሉምፊልድ ውስጥ ሆልስተንስ በምትባል ቤት ነው። የማፊያው አለቃ ቶኒ ይገባል፣ ዘፈን ይመርጣል። በሩ ላይ ደወል አለ፤ ሰው በገባ ቁጥር ትጮኻለች። ትጮኻለች፣ ቶኒ ቀና ይላል፣ ከዚያ ካሜራው በሱ ዓይን የገባውን ሰው ያሳየናል። ሚስቱ ካርሜላ ትመጣለች። ልጁ ኤጄ ይመጣል፤ ከሱ ጋር በአንድ ቅጽበት «ሜምበርስ ኦንሊ» የሚባል ጃኬት የለበሰ ሰው ገብቶ ባንኮኒ ላይ ይቀመጣል፣ ወደነሱ ያያል፣ ኋላ ወደ መጸዳጃ ቤት ያልፋል። ውጭ ልጁ ሜዶው መኪናዋን ለማቆም ደጋግማ ትቸገራለች፣ በመጨረሻ ተሳክቶላት ወደ በሩ ትሮጣለች። የሽንኩርት ጥብሱ ይቀርባል። ደወሉ ይጮኻል። ቶኒ ቀና ይላል። ጥቁር። «ማመንህን አታቁም» እያለ የሚለምነው፣ ቶኒ የመረጠው ዘፈንም መሃል ላይ ተቋረጠ።

ነጠላ ትርጉሙ፦ አንድ ቤተሰብ እራት ሊበላ ተቀምጦ ሳለ ድራማው አለቀ።

አንድም፦ ቶኒ ተገደለ። ምነው ቢሉ፣ ደወል፣ ቀና ማለት፣ በሱ ዓይን ማየት የሚለው ሥርዓት ተደጋግሞ የመጨረሻው ላይ ሦስተኛው ጎድሏል። በሱ ዓይን የሚታየው ጥቁር ከሆነ፣ ዓይኑ አያይም። ምስክሩ፦ በዚያው ምዕራፍ ቶኒና አማቹ ጀልባ ላይ ሆነው ሞት ሲመጣ ምናልባት ድምፁ እንኳ እንደማይሰማ ያወራሉ፤ ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍል ላይ ቶኒ ይህን ንግግር ያስታውሳል። ጃኬቱም እንዲሁ ነው፤ ቶኒ በጥይት የተመታበት የስድስተኛው ምዕራፍ መክፈቻ ክፍል ርዕሱ ያው የጃኬቱ ስም ነው።

ፍርፋሪው፦ የዓይኑ ሥርዓት የተባለው ከመጀመሪያውም ጥብቅ አይደለም። ቶኒ ሲገባ ቤቱን ቃኘት ያደርጋል፣ ቀጥሎ የምናየው ራሱን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነው፤ ራሱን ያየ ይመስላል። በዓይኑ እናያለን ካልን ይህን ምን እናድርገው? ደግሞም ከኒው ዮርክ ማፊያዎች ጋር ታርቋል፤ ዋና ጠላቱ በዚያው ክፍል ተገድሏል። ገዳዩን የላከው ማን ነው?

አንድም፦ አልሞተም፤ ያየነው የሱን ኑሮ ነው። ምነው ቢሉ፣ ደወል በጮኸ ቁጥር ቀና የሚል ሰው የሚጠብቀው ነገር አለ፤ ወይ ጥይት ወይ ክስ። ጠበቃው ክስ ሊመጣ እንደሚችል ነግሮታል። ከዚያ ወዲያ የሱ እራት ሁሉ እንዲህ ነው። ፍርፋሪው፦ ታዲያ ድምፁ ለምን ጠፋ? ፍርሃትን ለማሳየት ከሆነ ዘፈኑ ቢቀጥል ይበልጥ አይጨንቅም ነበር?

አንድም፦ የሞትነው እኛ ነን፤ ማለትም ተመልካቹ ነው ከዚያ ቤት የተወሰደው፤ እነሱ መብላታቸውን ቀጥለዋል። ይህ አንድም ቆንጆ ነው፣ ግን የሚጠቅሰው ምስክር የለውም። ጃኬቱንም፣ የጀልባውን ንግግርም፣ የመጸዳጃ ቤቱን ጉዞም ሁሉንም ፍርፋሪ አድርጎ ይተዋል። በትርጓሜ ቤት ቢቀርብ «እንዲልህ የታል?» ይባል ነበር።

ሚዛኑ ሲታይ የመጀመሪያው አንድም ብዙ ምስክር አለው፣ ሁለተኛው ጥቂት ምስክር ግን ትንሽ ፍርፋሪ። ወርቅ ተገኘ ለማለት ግን የመጀመሪያው ላይ ያለው «ራሱን አየ» የሚለው ጉድለት አይፈቅድም።

ደራሲው ቢናገርስ?

የመጨረሻውን ክፍል የጻፈውም ያዘጋጀውም ዴቪድ ቼዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ማብራራት እንደማይፈልግ፣ ያለው ሁሉ እዚያው እንዳለ ተናግሮ ዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2014 «አልሞተም አለ» የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ ወዲያው በቃል አቀባዩ በኩል በተሳሳተ መንገድ እንደተተረጎመ ተገለጸ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ መጀመሪያ አስቦት የነበረው መጨረሻ ቶኒ ወደ ስብሰባ ሄዶ የሚሞትበት እንደነበር ሲናገር ብዙ ጋዜጣ «ሞቷል ብሎ አመነ» ብሎ ጻፈ። ልብ በሉ፤ አስቦ የተወው መጨረሻ አንድ ነገር ነው፣ ቀርጾ ያስተላለፈው ሌላ ነገር ነው። ሰውየው ሐሳቡን የቀየረበት ምክንያት ቢኖርም ባይኖርም፣ ንባቡ ላይ የተጻፈው ጥቁሩ ስክሪን ነው። ስለዚህ የደራሲ ቃል ሲመጣ እንደ አንድ ምስክር ይመዝገብ፤ ቀኑና በምን ጥያቄ ላይ እንደተናገረው ተጽፎ። የተዋናይ ቃል ከዚህም ያንሳል፤ የሚቀጥለውን ምዕራፍ ውል የፈረመ ተዋናይ «አልሞትኩም» ቢል ስለ ውሉ እየነገረን ነው።

ለቡና ስብስብ የሚሆን ሥርዓት፦ አቦል እስኪጠጣ ማንም ትርጉም አይናገር፤ ንባቡ ብቻ ይነገር፣ ማን ገባ፣ ማን አየ፣ ምን ተሰማ፣ ስንት ሰከንድ። አንዱ ይጻፍ። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ጠብ የሚበርደው፤ ሁለት ሰዎች ያዩት ሁለት ነገር እንደሆነ ስለሚገለጥ። ቶና ላይ አንድሞቹ ይቅረቡ፣ እያንዳንዱ ከነምስክሩ፤ ታናሽ ይጀምር፣ ጋሼ ወይም እትዬ የሚባሉት ኋላ ይናገሩ፣ አለዚያ ሌላው በይሉኝታ እሺ ይላል። በረካ ላይ ፍርፋሪው ይቆጠር፤ ተከራካሪው ሁሉ የራሱን ሳይሆን የተቃራኒውን ፍርፋሪ ይቁጠር። የራሱን የሚቆጥር ሰው ሁልጊዜ ዜሮ ነው የሚያገኘው።

ቶኒን በዚህ መንገድ ያየ ስብስብ ከበረካው በኋላ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጥያቄ ነው፦ የመጨረሻው ደወል ላይ የገባው ማን ነው? ሜዶው ናት እንላለን፣ ስትሮጥ አይተናታልና። በሩን ከፍታ ስትገባ ግን ካሜራው አላሳየንም።